ሐምሌትን ትቶ ቀዩን ማሊያ የተመኘው ሰው

«ክሊዮፓትራ» የተሰኘውን ፊልም ያየ ሰው ማርክ አንቶኒን ሆኖ የተጫወተውን ያንን ድምፀ መረዋ ሰውዬ መቼም አይረሳውም። ሪቻርድ በርተን ይባላል። ኤልሳቤጥ ቴይለርን ሁለት ጊዜ አግብቶ ሁለት ጊዜ የፈታት፣ የአንድ ሚሊዮን ዶላር አልማዝ በጣቷ ያጠለቀላት፣ ሰባት ጊዜ ለኦስካር ታጭቶ ሰባቴም ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ነው። ታዲያ ይሄ የፊልም አክተር በስፖርት ገጽ ላይ ምን ይሠራል ለሚል መልሱ አጭር ነው። ሰውዬው ቲፎዞ ነበር። ያውም ከአክተርነቱ በፊት የጀመረው ቲፎዞነት፣ ከአክተርነቱ በኋላም ያልለቀቀው።

እ.ኤ.አ. በ1953 ለንደን በሚገኘው ኦልድ ቪክ ቴአትር ቤት ሐምሌትን ሆኖ ሲተውን ገና የ27 ዓመት ወጣት ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ይህንኑ የሼክስፒር ሥራ ለመጫወት የማይመኝ የእንግሊዝ ተዋናይ የለም። ዊንስተን ቸርችል ሳይቀሩ መጥተው ከፊት ተቀምጠው አይተውታል። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር የኖረው ሌላ ነገር ነው። በኦልድ ቪክ ሐምሌትን ከመጫወት ይልቅ በካርዲፍ አርምስ ፓርክ ሜዳ ለዌልስ ራግቢ ቡድን መሰለፍን እንደሚመርጥ ደጋግሞ ተናግሯል። ብዙዎች ይህን እንደ ቀልድ ቆጠሩት። አስተዳደጉን ላየ ግን ቀልድ አይመስልም።

ሪቻርድ ዋልተር ጄንኪንስ የተወለደው ህዳር 10 ቀን 1925 በደቡብ ዌልስ፣ ፖንትሪደቨን በምትባል የከሰል ማዕድን መንደር ነው። ከ13 ልጆች 12ኛው ነበር። አባቱ ከሰል ቆፋሪ፣ በዚያ ላይ ጠጪ። ሁለተኛ ዓመቱን ሊይዝ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እናቱ የመጨረሻውን ልጅ ወልዳ በአራስነቷ ሞተች። ሕፃኑን ሪቻርድን ትልቅ እህቱ ሴሲሊያ ወስዳ ፖርት ታልቦት አጠገብ ታይባክ በሚባል ሰፈር አሳደገችው። ባሏም እንደ አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበር። ቤት ውስጥ የሚነገረው ዌልስኛ ነው፣ እንግሊዝኛውን ከጎረቤትና ከትምህርት ቤት ለቀመው።

እናት በሌለችበት፣ አባትም ሲሻው ብቅ ሲሻው ጥፍት በሚልበት በዚህ ኑሮ ውስጥ ለልጁ እንደ አባት የነበረው በ19 ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ ኢቮር ነው። ኢቮር ቀን ከመሬት በታች ከሰል ይቆፍራል። ቅዳሜ ግን ራግቢ ይጫወታል። ለትንሹ ሪቻርድ ኢቮር ማለት የሚፈራም የሚመለክም ሰው ነበር፤ ጉልበቱ ብቻ ሳይሆን ቁጥብነቱና ኩራቱ ይማርከው ነበር። ከስድስት ወንድሞቹ አምስቱ ራግቢ ተጫውተዋል፣ አንደኛው እንዲያውም ስም ነበረው ሲል ራሱ በርተን ጽፏል። በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ራግቢ አለማወቅ ስለ ዳቦ አለማወቅ ነው።

ራግቢ ለአዲስ አበባ የኳስ ተመልካች እንግዳ ስለሆነ ትንሽ እንበል። አንድ ቡድን 15 ሰው ያሰልፋል። ኳሷ ሞላላ ናት፣ በእጅም ትያዛለች በእግርም ትመታለች። በእጅ ስትቀበል ግን ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው። እንግሊዝ ውስጥ ጨዋታው የሀብታም ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ነበር። ዌልስ ውስጥ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ የከሰል ቆፋሪውና የብረት ፋብሪካ ሠራተኛው ጨዋታ ሆነ። እስከ 1995 ድረስ ደግሞ ይሄኛው ራግቢ ደመወዝ አይከፈልበትም ነበር። ቅዳሜ በ50 ሺህ ሕዝብ ፊት እንግሊዝን አሸንፎ በትከሻ የተሸከሙት ሰው ሰኞ ጠዋት ፋኖሱን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ለዚህ ነው ቀዩን ማሊያ የለበሰ ሰው በዚያ ሸለቆ ውስጥ ከሚኒስትር በላይ የሚከበረው፤ የገዛ ጎረቤት ነዋ!

ዋናው ድግስ ደግሞ በየዓመቱ ከጥር እስከ መጋቢት የሚካሄደው የአምስቱ አገሮች ውድድር ነበር። በ1883 እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ አየርላንድና ዌልስ ጀመሩት፣ በ1910 ፈረንሳይ ገባች፣ በ2000 ጣሊያን ተጨምራ ስድስት ሆኑ። ሁሉንም ያሸነፈ ግራንድ ስላም ይባላል። ከአራቱ ነባሮች ሦስቱን ተቀናቃኞቹን የረታ ትሪፕል ክራውን ይወስዳል። መጨረሻ የወጣው የእንጨት ማንኪያ ተቀበለ ተብሎ ይቀለድበታል፤ ማንኪያው ግን በወሬ እንጂ በእጅ የለም። ኤደንብራ ወይም ደብሊን የሚደረገው ጨዋታ የሚደርሰው በሁለት ዓመት አንዴ ስለሆነ ቲፎዞው ሁለት ዓመት ሙሉ ሽልንግ በሽልንግ ያጠራቅማል። ቀኑ ሲደርስ መንደሩ ባዶ ይቀራል።

ሪቻርድ ስምንት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1933፣ ዌልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን ትዊክንሃም ላይ እንግሊዝን 7 ለ 3 አሸነፈች። አሥር ዓመት በሞላው በወሩ ገደማ፣ በታህሳስ 1935፣ የዓለም አስፈሪዋ ኒውዚላንድ ካርዲፍ ላይ 13 ለ 12 ወደቀች። የአሥር ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰበት እንግዲህ አለቀለት። በዚያ ዕድሜ የገባ ቡድን አይወጣም፣ ይህን የካምቦሎጆ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ትምህርት ቤት ሲገባ እሱም ተጫዋች ሆነ። ቦታው ዊንግ ፎርዋርድ ነበር፤ ማለትም ከግፊያው ጠርዝ ተነስቶ የተቃራኒን ኳስ ያዥ ቀድሞ የሚጥል፣ ፍጥነትም ጭካኔም የሚፈልግ ቦታ። ግን ኑሮ ጠበበና በ1941 ከትምህርት ቤት ወጥቶ በአንድ የኅብረት ሥራ ሱቅ የልብስ ክፍል ሻጭ ሆነ። ሥራውን ጠላው። በሰዎች አማላጅነት በቀጣዩ ዓመት ወደ ትምህርት ሲመለስ ፊሊፕ በርተን የሚባል መምህር አገኘው። መምህሩ ልጁ ድምፅ እንዳለው ተረዳ፤ ቤቱ ወስዶ አነጋገር አስተማረው፣ ተራራ ላይ አውጥቶ አስጮኸው። ልጁን ሊያሳድገው በሕግ ጠይቆ ነበር። ሕጉ የ21 ዓመት የዕድሜ ልዩነት ይፈልጋል፣ ሃያ ቀን ጎደለው! በሞግዚትነት ስሙን ሰጠው። ጄንኪንስ በርተን የሆነው እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙም የማይነሳ አንድ ነገር አለ። በርተን ለዌልስ ሳይመረጥ የቀረው ቴአትር ስለነጠቀው ብቻ አይደለም። የአምስቱ አገሮች ውድድር በ1939 በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ የቀጠለው በ1947 ነው። በርተን ከ13 እስከ 21 ዓመቱ ድረስ፣ አንድ ልጅ ተጫዋች የሚሆንበት ዘመን በሙሉ፣ ውድድር የሚባል ነገር አልነበረም። በ1944 የአየር ኃይል ዕጩ ሆኖ ስድስት ወር ኦክስፎርድ ገባ፣ ከዚያም እስከ 1947 መጨረሻ የአየር ኃይሉን መለዮ ለብሶ ቆየ። ራግቢውን አልተወም። ብለዲን ዊሊያምስ፣ የዚያ ዘመን የዌልስ የመሀል ንጉሥ፣ ቆይቶ ባሳተመው መጽሐፍ በርተን ከፍ ወዳለ ደረጃ ሊደርስ ይችል የነበረ ዊንግ ፎርዋርድ እንደነበር መስክሮለታል። ይሄ የጓደኛ ጉራ አይደለም። ብለዲን በታህሳስ 1953 ዌልስን በአምበልነት መርቶ ኒውዚላንድን 13 ለ 8 ያሸነፈ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዌልስ ኒውዚላንድን ረትታ አታውቅም። ልብ በሉ፣ ያ ድል የተገኘው በርተን ለንደን ውስጥ የኦልድ ቪክን የትወና ዘመን በጀመረበት በዚያው ክረምት ነው። አንደኛው አርምስ ፓርክ፣ ሌላኛው መድረክ ላይ።

ሥራው ራሱ ደግሞ የቲፎዞ ጠላት ነበር። ራግቢ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የለንደን ቴአትር ቤቶችም ቅዳሜ ከሰዓት ተጨማሪ ትዕይንት ያሳያሉ። አርባና ሃምሳ ሺህ ሰው ካርዲፍ ላይ በአንድ ድምፅ በሚዘምርበት ሰዓት ተዋናይ የሆነ የዌልስ ሰው ፊቱን እየተቀባ ነው። እንግዲህ እንጀራ ነው፣ ምን ይደረጋል።

ያ የቲፎዞነት ስሜት ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር ለመረዳት አንድ ቀን ማስታወስ ይበቃል። መጋቢት 11 ቀን 1950 ዌልስ ቤልፋስት ላይ አየርላንድን 6 ለ 3 አሸንፋ ትሪፕል ክራውንን ወሰደች። ከ1911 ወዲህ ያልታየ ነገር ነው። በማግስቱ እሑድ፣ ጨዋታውን ሊያዩ የሄዱ ደጋፊዎችን የያዘ አውሮፕላን ከደብሊን ተነስቶ ደቡብ ዌልስ ላንዳው አየር ማረፊያ ሊያርፍ ሲቃረብ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ ቆመና ተከሰከሰ። ከተሳፈሩት 83 ሰዎች 80ው አለቁ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ላይ ከደረሱት የአውሮፕላን አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነበር። የምርመራው ውጤት ጭነቱ ወደ ኋላ ማድላቱን አመለከተ። ከሟቾቹ መካከል ስድስቱ የላንሃራን ክለብ ተጫዋቾች ነበሩ፣ ሦስቱ ደግሞ ከአበርካርን። ቀሪዎቹ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ የከረሙ የሸለቆው ሰዎች ናቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዌልስ ካርዲፍ ላይ ፈረንሳይን ስትገጥም ስታዲየሙ በሙሉ ለሙታን በዝምታ ቆመ፣ ጥሩምባ ተነፋ፣ ከዚያ 21 ለ 0 አሸንፈው ግራንድ ስላሙን ጨረሱ። በርተን ያኔ 24 ዓመቱ፣ በለንደን ስሙ መነሳት የጀመረ ወጣት ነበር። ያለቁት ሰዎች ግን የሱ ዓይነት ቤት ልጆች ናቸው። ዌልስ ውስጥ ስለ ራግቢ ሲወራ ቀልድና ሐዘን አብረው የሚመጡት በዚህ የተነሳ ነው።

ቀልዱም ቢሆን አይቀርም። በርተን ስለ መጨረሻ ጨዋታው አንድ ጽሑፍ ትቶ ሄዷል፤ እሱን ያነበበ በሳቅ ይሞታል። ዝነኛ ከሆነ በኋላ ነው ነገሩ። አንድ ቅዳሜ በዌልስ ሸለቆ ውስጥ ስሟን ነዋሪዎቿ ብቻ የሚያውቋት መንደር ሄዶ ማሊያ አጠለቀ። ተጋጣሚዎቹ ደረታቸው ሳጥን የሚያህል ከሰል ቆፋሪዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ኳሷ የት እንዳለች ሳይሆን አክተሩ የት እንዳለ ነበር የሚፈልገው! ሰውዬው ከዚያ ሜዳ የወጣው ተቀጥቅጦ ነው። በዚያው ጽሑፍ ላይ ስለ ራግቢ ብዙ ግዙፍ ውሸት በደስታ እንደሰማና የራሱንም ድርሻ እንዳዋጣ አምኗል፤ ስለዚህ ታሪኩ ላይ ትንሽ ጨው ተነስንሶበት ሊሆን ይችላል። ቢሆንስ? የቲፎዞ ታሪክ መቼ ያለ ጨው ተበልቶ ያውቃል።

ከ1957 ጀምሮ በርተን ኑሮውን ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ አጠገብ ባለች ሴሊኚ የምትባል መንደር አደረገ። ምክንያቱ ግብር ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ቢኖር ከሚያገኘው አብዛኛው ለመንግሥት ይሄድ ነበር። ዋጋው ግን ሌላ ነበር። ብሪታንያ ውስጥ የሚያሳልፈው ቀን በቁጥር ሆነ። በ1962 ሮም ላይ «ክሊዮፓትራ» ሲቀረጽ ከቴይለር ጋር የጀመረው ነገር ደግሞ ዓለምን አናወጠ፣ ከዚያ ወዲህ እንደ ማንም ሰው ቆሞ ጨዋታ ማየት ዘበት ነው። በ1964 ኒውዮርክ ላይ ሐምሌትን 137 ጊዜ ሲጫወት ውጭ የሚጠብቃቸውን ሰዎች ፖሊስ በፈረስ ይበትናቸው ነበር። ኮብልሎ የወጣው የከሰል ቆፋሪ ልጅ የዓለም ውዱ አክተር ሆነ። ከሞተ ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ2012 የታተመው የዕለት ማስታወሻው ግን ከአልማዙና ከመርከቡ መሀል ራግቢ ብቅ እያለች የምትመለስበት ነው።

ኢቮርን ግን አልተወውም። ወንድሙን ከማዕድን ጉድጓድ አውጥቶ አብሮት እንዲኖርና ጉዳዩን እንዲያስተዳድርለት አደረገ። በቴይለርና በአጃቢዎች በተከበበው በዚያ ኑሮ ውስጥ ፊት ለፊት የሚናገረው፣ ሲሰክር የሚገስጸው፣ የሸለቆውን ቋንቋ የሚያናግረው ሰው ኢቮር ነበር።

በ1968 ሁለቱ ወንድማማቾች ለአንድ ቀብር ወደ ሴሊኚ ሄዱ። ቤቱ ተዘግቶ ከርሟል። ኢቮር እኔ ቀድሜ ልክፈት ብሎ ሄደ። በደጃፉ ላይ የነበረ የብረት ፍርግርግ አሰናክሎት ወደቀ፣ አንገቱ ተሰበረ። ያ በአፍላነቱ ሜዳ ላይ ማንም ያልጣለው ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። በርተን ይህን ራሱን ይቅር ብሎ አያውቅም፤ ቤቱም የሱ፣ ጉዞውም የሱ ነበርና። መጠጡ ከዚያ ወዲህ እንደባሰ የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ይስማማሉ።

የሚያስገርመው ዌልስ ራግቢ ወርቃማ ዘመኗን የጀመረችው ኢቮር በጋሪ ወንበር ላይ ሳለ ነው። 1971። ጋሬት ኤድዋርድስ፣ ባሪ ጆን፣ ጄራልድ ዴቪስ፣ ጄፒአር ዊሊያምስ። ኤድዋርድስም ጆንም የከሰል ቆፋሪ ልጆች ናቸው። በዚያ ዓመት ኤደንብራ ላይ ዌልስ በስኮትላንድ 18 ለ 14 ስትመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ጄራልድ ዴቪስ በቀኝ ጥግ ገብቶ ሦስት ነጥብ አስቆጠረ፤ 18 ለ 17። ያኔ አንድ ትራይ ሦስት ነጥብ ነው። ጭማሪዋን ለመምታት ጆን ቴይለር ከመስመሩ ጠርዝ ላይ በግራ እግሩ መታት… ገባች! 19 ለ 18። ከዚያ አየርላንድንና ፈረንሳይን ጨምረው ግራንድ ስላሙን ወሰዱ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1972፣ ዌልስ ሦስቱን ጨዋታዎቿን አሸንፋ ቀሪው አየርላንድ ብቻ ነበረች። በሰሜን አየርላንድ በተነሳው ደም መፋሰስ ምክንያት ዌልስና ስኮትላንድ ደብሊን አንሄድም አሉ። ውድድሩ ሳይቋጭ ቀረ። በዚያው ዓመት ኢቮር ሞተ። ባሪ ጆንም በዚያው ዓመት በ27 ዓመቱ ጨዋታ አቆመ፤ ምክንያቱ ዝና ነው፣ ሰዎች እንደ ንጉሥ እጅ ሲነሱት ከበደውና ሸሸ። በርተን ሊሸጥም ሊሰጥም የማይችለው ያ ዝና ነበረው። የጆንን ቁጥር 10 ማሊያ ግን ለአንድ ቀን ለመልበስ ሁሉንም በሰጠ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰውዬው ሕይወት ቁልቁል ሲወርድ የቡድኑ ሽቅብ ወጣ። በ1974 ከቴይለር ተፋታ፣ በ1975 ቦትስዋና ውስጥ እንደገና አገባት፣ በ1976 እንደገና ተለያዩ። ዌልስ በ1976ም በ1978ም ግራንድ ስላም ወሰደች፣ ከ1976 እስከ 1979 አራት ዓመት በተከታታይ ትሪፕል ክራውንን የነጠቃት የለም። በ1977 ደቡብ አፍሪካ ላይ «ዘ ዋይልድ ጊስ» የተባለው ፊልም ሲቀረጽ አብሮት የነበረው ሪቻርድ ሃሪስ ነበር። ሃሪስም የአየርላንዱ ሊመሪክ ልጅ፣ የራግቢ እብድ ነው። ሁለት በመጠጥ የተጎዱ አዛውንት፣ አንዱ የቀይ አንዱ የአረንጓዴ ማሊያ ቲፎዞ። ካሜራው ባይኖር ምን ሲያወሩ ይውሉ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

በ1981 የአከርካሪ አጥንቱ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ክንዱን ከፍ ማድረግ አቃተው። በሕይወት ሳለ ያለፈው የመጨረሻው የአምስቱ አገሮች ውድድር የ1984ቱ ነው፤ ግራንድ ስላሙን ስኮትላንድ ወሰደች። የመጀመሪያው የራግቢ የዓለም ዋንጫ፣ ዌልስ ሦስተኛ የወጣችበት፣ ገና ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር። ነሐሴ 5 ቀን 1984 ሪቻርድ በርተን ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ በ58 ዓመቱ አረፈ።

የተቀበረው እዚያው ሴሊኚ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የዌልሱ ባለቅኔ የዲለን ቶማስ የግጥም መጽሐፍ ተቀመጠለት። ከላይ እስከ ታች ያለበሱት ቀይ ልብስ ነው፣ የዌልስ ማሊያ ቀለም። ወንድሞቹና ዘመዶቹ ከሸለቆው ድረስ መጥተው ነበር፤ በስዊዘርላንዷ ጸጥተኛ መንደር መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆመው በራግቢ ስታዲየም የሚዘመረውን የዌልስ ዘፈን ዘፈኑለት።